ስለ አልጄሪያ ጦርነት ለምትጽፈው የእህቴ ልጅ

ባለፈው እሑድ ደውለሽ «ጋሼ፣ የአልጄሪያን ጦርነት ለመመረቂያ ጽሑፌ መረጥኩ፤ ፊልሙንም ሁለት ጊዜ አየሁት» ስትዪኝ ደስ አለኝ፤ ሰጋሁም። ደስ ያለኝ ስንት ዓመት ታሪክ ሳስተምር ስለዚህ ጦርነት የጠየቁኝ ተማሪዎች በጣት ስለሚቆጠሩ ነው። የሰጋሁት ደግሞ ስልኩን ልትዘጊ ስትዪ በጠየቅሽኝ ጥያቄ ነው፦ «ለመሆኑ ማን አሸነፈ?» እሱ በስልክ የሚመለስ አይደለም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ይኸው ጻፍኩልሽ። የምታነቢያቸው መጻሕፍት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሆኑ እኔም ዓመቶቹን በዚያው አስቀምጫለሁ።

1. ከመጀመሪያው ጥይት አትጀምሪ

ጦርነቱ ኖቬምበር 1 ቀን 1954 ጀመረ ይሉሻል። እውነት ነው፤ በዚያ ሌሊት በየአቅጣጫው የፖሊስ ጣቢያ ተተኮሰበት፣ መጋዘን ተቃጠለ፣ ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር የሚባል ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። አንቺ ግን ወደ ኋላ ሂጂ። በ1827 የአልጀርሱ ገዥ ዴይ ሁሴን የፈረንሳይን ቆንስል በእጁ በያዘው ጭራ መታው። ጭራ ስልሽ ያው አያትሽ ደጅ ተቀምጠው ዝንብ የሚያባርሩበት ዓይነት ነው። ጠቡ የዕዳ ነበር። ፈረንሳይ በአብዮቷ ዘመን ከአልጀርስ ነጋዴዎች ስንዴ በዱቤ ወስዳ ሠላሳ ዓመት ያህል ሳትከፍል ቆይታለች፤ ገዥው ሲጠይቅ ቆንስሉ የሰጠው መልስ አላማረውም። ፈረንሳይ ተደፈርኩ ብላ ወደቡን ዘጋች፣ በ1830 ጦር አወረደች፣ ጁላይ 5 ቀን ከተማይቱ እጇን ሰጠች።

በጭራ የተመታ ቆንስል 132 ዓመት አያስገዛም። ንጉሥ ቻርልስ 10ኛ በፓሪስ ዙፋኑ ተነቃንቆበት ስለነበር ሕዝቡን የሚያስጨበጭብ የውጭ ድል ፈልጎ ነበር። ድሉም አልረዳውም፤ አልጀርስን በያዘ ወር ሳይሞላው ዙፋኑን ለቀቀ። ጦሩ ግን እዚያው ቀረ። ሰበብና ምክንያት ለየብቻ መሆናቸውን በጽሑፍሽ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ካላሳየሽ ቀሪውን ባትጽፊው ይሻላል።

2. ከጦር ካርታው በፊት የመሬቱን ሕግ አንብቢ

የተማሪ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ወደ ቦምቡ ይሮጣል፤ የሕግ ወረቀት ማንም አይገልጥም። ፈረንሳይ በ1848 አልጄሪያን ቅኝ ግዛት ማለት ትታ የራሷ አካል አደረገቻት፤ ኦራን፣ አልጀርስና ኮንስታንቲን እንደ ማንኛውም የፈረንሳይ ክፍለ ሀገር ተቆጠሩ። ሰውየው ግን ከምድሩ ጋር አልተቆጠረም። በ1865 በወጣው ሕግ ሙስሊሙ የፈረንሳይ ተገዥ ነው፣ ዜጋ ግን አይደለም፤ ዜጋ መሆን ከፈለገ ጋብቻውንና ውርሱን የሚዳኘውን የእስልምና ሕግ መተው አለበት። ይህን ያደረጉት እጅግ ጥቂት ናቸው። በ1881 ደግሞ ለሙስሊሞቹ ብቻ የሚሠራ የቅጣት ደንብ መጣ፤ ያለ ፈቃድ መጓዝ ወይም ሹምን አለማክበር ያስቀጣል።

ከሁሉም የባሰው ግን የ1873ቱ የመሬት ሕግ ነው። ርስት ምን እንደሆነ ካያትሽ ሰምተሻል፤ የዘር ሁሉ ነው፣ አንዱ ብድግ ብሎ አይሸጠውም። እዚያም የጎሳው መሬት እንደዚያው በጋራ ይያዝ ነበር። አዲሱ ሕግ ይህን ወደ ግል ድርሻ ቀየረው። አንድ ነጋዴ ከመቶ ወራሾች የአንዱን ቁራሽ ድርሻ ይገዛና «ድርሻዬ ይለይልኝ» ብሎ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ መሬቱ ሊከፋፈል ስላልቻለ በሐራጅ ይሸጣል፤ የፍርድ ቤቱ ወጪ ራሱ የተረፈውን ይበላዋል። ጥይት አልተተኮሰም። ዘጠና ዘጠኙ ወራሾች ግን በማግስቱ በገዛ አባታቸው እርሻ ላይ የቀን ሠራተኛ ናቸው። በ1954 አንድ ሚሊዮን ገደማ አውሮፓውያን ሰፋሪዎችና ዘጠኝ ሚሊዮን ገደማ ሙስሊሞች በአንድ አገር ሲኖሩ፣ ለም ለሙ መሬት በማን እጅ እንደነበር ከዚህ ተረጂ።

3. አንድ ሰው ያዢና ተከተዪው

እኔ ብሆን ፈርሃት አባስን እይዛለሁ። በሴቲፍ ከተማ መድኃኒት ቤት ያለው፣ ፈረንሳይኛው ከዐረብኛው የሚቀናው፣ ከረባት የማይለየው ሰው ነው። በ1936 በጋዜጣ ጽፎ የአልጄሪያ ብሔር የሚባል ነገር ፈልጌ አላገኘሁም፣ ሕያዋንንም ሙታንንም ጠየቅሁ አለ። የሚፈልገው ነፃነት አልነበረም፤ እኩል ፈረንሳያዊ መሆን ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ወደ ጫካ እንዴት ይገባል? የጦርነቱ ምክንያት በሙሉ የዚህ ጥያቄ መልስ ውስጥ አለ።

በ1943 ማኒፌስቶ ጻፈ፤ የራሷ ሕገ መንግሥት ያላት አልጄሪያን ጠየቀ። ሜይ 8 ቀን 1945 ጀርመን እጅ ስትሰጥ እሱ አልጀርስ ነበር፤ የፈረንሳዩን ዋና ገዥ እንኳን ደስ አለዎት ሊል ሄዶ እዚያው እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ ታሰረ። በዚያው ቀን በከተማው በሴቲፍ የድል ሰልፍ ነበር። ማክሰኞ ነው፣ የገበያ ቀን፣ ገጠሬው ሁሉ ከተማ ገብቷል። የአልጄሪያ ባንዲራ እንዳይወጣ ተከልክሏል፤ አንድ ወጣት አወጣ፤ ፖሊስ ተኮሰበት። የተቆጣው ሕዝብ በከተማውና በዙሪያው መቶ ያህል አውሮፓውያን ገደለ። ከዚያ ጦሩ፣ አውሮፕላኑ፣ ከባሕር የመርከብ መድፉና የታጠቁ ሰፋሪዎች ለሳምንታት በሴቲፍ፣ በጌልማና በኸራታ የሠሩትን አንቺው አንብቢው። ለፈረንሳይ ሲዋጉ ቆይተው ከአውሮፓ ግንባር የተመለሱ የአልጄሪያ ወታደሮች መንደራቸውን በዚህ ሁኔታ አገኙት።

አባስ ተፈታና አሁንም በምርጫ አመነ። በ1947 ፈረንሳይ 120 መቀመጫ ያለው ሸንጎ ፈቀደች፤ ስልሳው ለአንድ ሚሊዮኑ፣ ስልሳው ለዘጠኝ ሚሊዮኑ። ያም ሆኖ የ1948ቱ ምርጫ ሳጥን በአስተዳደሩ እጅ ተሞላ። ግንባሩ በ1954 ሲነሣ አባስ አልተቀላቀለም፤ እንዲያውም በኦገስት 1955 የወንድሙ ልጅ በግንባሩ ሰዎች ተገደለ። ይህ ሁሉ አልፎ በኤፕሪል 1956 ካይሮ ላይ ግንባሩን መቀላቀሉን አስታወቀ፤ በሴፕቴምበር 1958 የጊዜያዊው መንግሥት ፕሬዚዳንት ሆነ። መምህራኖችሽ ስለ «ብሔርተኝነት መነሣት» ረጅም ምዕራፍ ይጠብቁ ይሆናል። በሩ በየተራ የተዘጋበትን የዚህን ሰው ሕይወት ብትጽፊላቸው እመርጣለሁ።

4. ቁጥር ሲሰጥሽ ቆጣሪውን ጠይቂ

ለ1945ቱ እልቂት አንዱ ሺህ ገደማ ይልሻል፣ ሌላው 45 ሺህ። ለጦርነቱ በሙሉ አልጄሪያ አንድ ሚሊዮን ተኩል ሰማዕት ትላለች፤ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ከዚያ በእጅጉ ዝቅ ያለ፣ ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሞት ያስቀምጣሉ። ሁለቱንም ጻፊ፣ የማን ቆጠራ እንደሆነ ጻፊ፣ እለፊ።

አንድ ቁጥር ግን አለ፣ አልረሳውም፦ 3,024። ፖል ቴትገን በ1957 የአልጀርስ ፖሊስ ዋና ጸሐፊ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች አሠቃይተውታል። የተያዙት አልጄሪያውያን ገላ ላይ ያየው ምልክት በራሱ ገላ ላይ የሚያውቀው ነው። የእስር ትእዛዙን የሚፈርመው እሱ ነበር፤ ስለዚህ የፈረመውን ወረቀትና በሕይወት ያለውን እስረኛ አስተያየ። የደረሱበት ያልታወቁት 3,024 ሆኑ። ሥራውን ለቀቀ።

5. ፊልሙን ውደጂው፣ ግን አትመኚው

«የአልጀርስ ጦርነት»ን ጂሎ ፖንቴኮርቮ በ1966 ሲያወጣው ከአዘጋጆቹና ከተዋናዮቹ አንዱ ያሴፍ ሳዲ፣ የከተማው ተዋጊዎች መሪ የነበረው ራሱ ነው። ጥሩ ፊልም ነው፤ ሴቶቹ ልብሳቸውን ለውጠው ቦርሳቸውን በየካፌው ሲያስቀምጡ እኔም ትንፋሼን ይዤ ነው ያየሁት። አንቺ ያላስተዋልሽው ነገር ግን ይህ ነው፦ በዚያ ጦርነት የተሸነፈው ግንባሩ ነው። የፈረንሳዩ ጄኔራል ማሱ አየር ወለዶች በ1957 መጨረሻ የከተማውን መረብ በጣጥሰውት ነበር፤ በግርፋትና በኤሌክትሪክ። በቱኒዚያ ድንበር ኤሌክትሪክ የተለቀቀበት አጥር ተዘረጋ፤ በውጭ ያለው የግንባሩ ሠራዊት መግባት አቃተው። ሁለት ሚሊዮን ያህል ገጠሬ ከመንደሩ ተነቅሎ በጣቢያ ታጎረ። በጦር ሜዳው ሚዛን ፈረንሳይ አሸንፋለች።

የተሸነፈችው ሌላ ቦታ ነው። ጦርነቱ በሜይ 1958 የፈረንሳይን አራተኛ ሪፐብሊክ ገነደሰው፣ ጄኔራል ደ ጎልን መልሶ ወደ ሥልጣን አመጣ። ደ ጎልም በሴፕቴምበር 1959 አልጄሪያውያን ዕጣቸውን ራሳቸው ይወስኑ አለ። በኤፕሪል 1961 አራት ጄኔራሎች በአልጀርስ አመፁበት። እዚህ ላይ ቆም በዪ፦ በየሠፈሩ ያለው የብሔራዊ ውትድርና ልጅ በእጁ ትንሽ ትራንዚስተር ሬዲዮ ነበረው፤ ደ ጎል አትታዘዟቸው ሲል በጆሮው ሰማ፤ አልታዘዘም። አመፁ በቀናት ውስጥ ከሸፈ። ማርች 18 ቀን 1962 በኤቪያን ስምምነት ተፈረመ። በጁላይ 1 ሕዝቡ በሙሉ ማለት ይቻላል ነፃነትን መረጠ።

ለጥያቄሽ መልስ ስጠኝ ካልሽኝ፣ በጦር ሜዳ ያሸነፈችው ፈረንሳይ ናት፣ በፖለቲካው ያሸነፈው ግን ግንባሩ ነው። የደቡብ አፍሪካው ማንዴላም በ1962 ሞሮኮ ውስጥ ከአልጄሪያውያኑ የተማረው ይህንኑ ነበር፤ ጠላትን በጥይት መጣል ሳይሆን ጦርነቱን መቀጠል የማይችልበት ቦታ ማድረስ። በዚያው ዓመት መሣሪያ አያያዝ ሊማር እዚሁ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ መጣ። በታክሲ ስታልፊ አስታውሺው።

6. የምትወጂውን ወገን ኃጢአት ጻፊ

በኦገስት 1955 በፊሊፕቪል አካባቢ ሕፃናት ሳይቀሩ የታረዱት በነፃ አውጪዎቹ በኩል ነው። የግንባሩን የፖለቲካ ሐሳብ የቀረጸው አባን ራምዳን በዲሴምበር 1957 ሞሮኮ ውስጥ የተገደለው በገዛ ጓዶቹ እጅ ነው፤ ጋዜጣቸው ግን በጦር ሜዳ ወደቀ ብሎ ጻፈ። ከፈረንሳይ ጋር የተሰለፉት ሐርኪዎች ከነፃነት በኋላ በሺዎች ተጨፈጨፉ፤ ፈረንሳይም ትጥቃቸውን አስፈትታ አብዛኞቹን ጥላቸው ሄደች። ይህን መጻፍ ቅኝ ገዥውን ነፃ ያወጣል የሚልሽ መምህር ቢኖር በአክብሮት ስሚውና ጻፊው።

7. ስሙን ልብ በዪ

ፈረንሳይ ከ400 ሺህ በላይ ወታደር አሰልፋ «ሥርዓት ማስከበር» ትለው ነበር። ጦርነት ብሎ መጥራት ሌላ አገር አለ ማለት ነውና። ፓርላማዋ በሕግ «ጦርነት» ያለው በ1999 ነው።

8. በበዓሉ ቀን አታቁሚ

ነፃነቱ ጁላይ 5 ቀን ተከበረ፤ አልጀርስ በ1830 እጅ የሰጠችበት ዕለት ነው። በዓመቱ፣ በሜይ 1963፣ የነፃይቱ አልጄሪያ መሪ ቤን ቤላ አዲስ አበባ ላይ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ምሥረታ ተናገረ፤ ያ የአንድነት መንፈስ ግን ብዙ አልቆየም፤ በዚያው መከር አልጄሪያና ሞሮኮ በበረሃ ድንበር ተዋጉ። ባማኮ ላይ ካሸማገሏቸው አንዱ አፄ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ።

አባስስ? የመጀመሪያው ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1963 የግንባሩ ሰዎች ሕገ መንግሥቱን ከምክር ቤቱ ውጪ በአንድ ሲኒማ አዳራሽ ተሰብስበው ሲያጸድቁት ሥራውን ለቀቀ። በማግስቱ ዓመት አሰሩት፤ ወደ ሰሐራ በረሃ ላኩት። ፈረንሳይ ያሰረችውን ሰው ነፃይቱ አልጄሪያም አሰረችው። ከመሞቱ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1984፣ ያሳተመው መጽሐፍ ርእስ «የተነጠቀ ነፃነት» ማለት ነው። ፈረንሳይኛሽ ከቻለ አግኝተሽ አንብቢው፤ ጽሑፍሽንም ለመምህራኖችሽ ከማስገባትሽ በፊት በትልልቅ ፊደል አሳትመሽ ላኪልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል።