የጣራ ውሃ በድሬዳዋ፦ ከአሸንዳው ይልቅ ክዳኑ

ድሬዳዋ ላይ ሰማይ ሲጠቁር ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የደቻቱን ወንዝ ነው። በ1998 ክረምት ከ250 በላይ ሰው የወሰደው ጎርፍ አይረሳም። ያው ዝናብ ግን ጣራ ላይ ሲያርፍ ደግ ውሃ ነው። የከርሰ ምድሩ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፣ ሳሙናም አረፋ አልሰጥ ይላል፤ የዝናቡ ይህ ጣጣ የለበትም።

በመጀመሪያ ያስሉ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሊትር ነው። 40 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ከጣለ 800 ሊትር ይሆናል፤ የሚባክነው ሲቀነስ 640 ገደማ። ባለ 200 ሊትር በርሜል በአንድ ዶፍ ሞልቶ ይፈሳል፤ አቅም ካለዎት የ1000 ሊትር ሮቶ ይሻላል።

በልግ ሳይገባ ጣራውን ይጥረጉ። አሸንዳውን በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያደረጉ ወደ ሮቶው ያዘንብሉት። ሙሉ ሮቶ ውሃው ብቻ 1 ቶን ስለሚመዝን አሸዋ ላይ አያስቀምጡት፤ ኮንክሪት ያስፈልገዋል። ቧንቧው ዝቃጩን እንዳይቀዳ ከሥሩ ጥቂት ከፍ ይበል።

ዝናቡ ሲጀምር ከአሸንዳው የሚወርደውን ቱቦ ከሮቶው አፍ ያውጡትና የመጀመሪያውን ውሃ መሬት ላይ ይልቀቁት፤ የወራት አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ነው የሚወርደው። ጥርት ሲል ይመልሱት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በ2006 ደንጊ፣ በ2011 ቺኩንጉንያ ከተማዋን አስተኝተዋታል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው ቤት ውስጥና በቤት ዙሪያ በተጠራቀመ ውሃ ነው። በ2014 ከተስፋፋው ወባ ጋር ስሟ የተነሳው የወባ ትንኝ አኖፌለስ ስቴፈንሲም እንደዚያው በርሜልና ታንከር ትወዳለች፤ ረግረግ አትጠብቅም። ስለዚህ ክዳኑ ግጥም ይበል፤ የቱቦው መግቢያም ሆነ የትርፍ ውሃው መውጫ ትንኝ በማያሳልፍ ደቃቅ የሽቦ ወንፊት ይሸፈን። ክፍት ባልዲና በርሜል ካለዎት በየሳምንቱ ደፍተው ግድግዳውን በብሩሽ ይፈትጉ። መድፋቱ ብቻ አይበቃም፤ የደንጊዋ ትንኝ እንቁላል ደርቆ እንኳ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ለወራት ይቆያል።

ውሃው ለልብስ፣ ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት እንዳለ ይሆናል። ለመጠጥ ግን ያፍሉት፣ ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ይጨምሩበት።

ለክዳንና ለወንፊት የሚሆን ገንዘብ ካልተረፈዎት ሮቶውን ገና አይግዙ።