ሎሚ፣ ማይክሮዌቭና የሐረር ውሃ

ካታሊስት ማለት ሪአክሽንን የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን የማያልቅ ነገር መሆኑን ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ተምረናል። ታዲያ ካታሊስቱ የግድ ጠንካራ አሲድ መሆን አለበት? በዚህ አጭር ጽሑፍ በአንድ ምሳሌ እንመልከተው።

ጣሊያናዊው ፒየትሮ ቢጂኔሊ በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቤንዛልዲሃይድን፣ ኢታይል አሴቶአሴቴትንና ገበሬው በማዳበሪያነት የሚያውቀውን ዩሪያ አንድ ላይ በማፍላት ዳይሃይድሮፒሪሚዲኖን የሚባል ውህድ ሠራ። ከዚህ ቤተሰብ የደም ግፊትን የሚቀንሱ ውህዶች ተገኝተዋል። በዩሪያ ፈንታ ታዮዩሪያ ገብቶ የሚሠራው ሞናስትሮል ደግሞ የሴል ክፍፍልን እንደሚያስቆም በ1999 (እ.ኤ.አ.) ታውቋል።

የድሮው ዘዴ ኢታኖልና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይዞ ለሰዓታት ሪፍለክስ ማድረግ ነው። እንግዲህ እናስላ፦ በኮንደንሰሩ ውስጥ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ብቻ ቢያልፍ፣ በ4 ሰዓት 120 ሊትር ይፈሳል። ይህ 6 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው! ሐረር ለብዙ ዓመታት የጠጣችው የሐረማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሲደርቅ፣ ውሃ ከድሬዳዋ አካባቢ ድረስ መሳብ ግድ ሆነ። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ ውሃ ቢይዝም ትምህርቱ መረሳት የለበትም። ጀሪካን ተሸክሞ በጁገል ዳገት የወጣ ሰው 6 ጀሪካን ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

አማራጩ ምንድን ነው? ሲትሪክ አሲድ፣ የሎሚ ጭማቂም ቢሆን፣ ይህን ሪአክሽን እንደሚያካሂድ በሙከራ ታይቷል። የአሲዱ ሥራ ለአልዲሃይዱ ኦክስጅን ፕሮቶን አውሶ ካርቦኑ የዩሪያን ናይትሮጅን እንዲስብ ማድረግ ነው። ደካማ አሲድ ይህን ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ፍጥነቱን ሙቀት ይሞላለታል። ኢታኖል በ78 ዲግሪ ስለሚፈላ ከዚያ በላይ አያስኬድም። ያለ ሶልቬንት ግን 120 ዲግሪ መድረስ ይቻላል። በየ10 ዲግሪው ፍጥነቱ በግርድፉ እጥፍ ቢሆን፣ ከ80 እስከ 120 ድረስ 16 እጥፍ ነው፤ 4 ሰዓቱ 15 ደቂቃ ሆነ ማለት ነው።

ማይክሮዌቭ እዚህ ጋ ይገባል። በ2.45 ጊጋኸርዝ ፖላር ሞለኪውሎችን እያወዛወዘ ውህዱን ከውስጥ ቶሎ ያሞቃል። ተአምር ግን የለውም፤ የጨረሩ ኃይል በሞል 1 ጁል ገደማ ብቻ ስለሆነ የኬሚካል ቦንድ አይሰብርም። የወጥ ቤት ማይክሮዌቭም ለዚህ አይሆንም፤ ሙቀቱ አይለካም፣ የሚቀጣጠል ሶልቬንት ከገባበት እሳት ያስነሳል፣ የተዘጋ ዕቃም ይፈነዳል።

ስለዚህ ውሃውን በዋናነት የሚያድነው ውዱ መሣሪያ አይደለም፤ ሶልቬንቱን መተውና ካታሊስቱን ማለዘብ ነው። ማይክሮዌቭ ሪአክተር የሌለው ላብራቶሪም በዘይት መታጠቢያ ላይ ይህንኑ መሞከር ይችላል፤ ትንሽ ቢዘገይ ነው። የኦርጋኒክ ላብ መመሪያችን ሲከለስ ከምርቱ መጠን ጎን የፈሰሰው ውሃም በሊትር ቢጻፍ፣ የትኛው ዘዴ ለሐረር እንደሚሻል ቁጥሩ ራሱ ይነግረናል።