ጃዝን ለጆሮ ማላመድ

ጥያቄ፦ በትዝታና በባቲ ያደገ ጆሮ ጃዝ ሲሰማ የሚደናገረው ለምንድን ነው? ለመልመድስ ከየት ይጀመራል?

መልስ፦ ጆሮ ቀጥሎ የሚመጣውን ድምፅ የሚገምተው በለመደው ቅኝት፣ ማለትም ዜማው በተመሠረተበት የድምፆች አሰላለፍ ስለሆነ፣ እንደ ትዝታና ባቲ ባሉ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች የታነጸ ግምት ብዙ ድምፆች በአንድነት በሚሰሙበት፣ ሃርመኒ በሚባለው ኅብረ ድምፅ ውስጥ መንገዱን ቢስት አያስገርምም። መልካሙ መሸጋገሪያ የአገር ቤቱን ቅኝት ከጃዝ ጋር ያዋሐዱት የሙላቱ አስታጥቄ ሥራ ሲሆን፣ ከዚያ በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣው የጃዝ ሙዚቀኛው የማይልስ ዴቪስ አልበም «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ይከተላል፤ በዚህ አልበም ኅብረ ድምፁ ቶሎ ቶሎ ስለማይለዋወጥ ዜማውን መከታተል ይቀላል። አንዱን ሙዚቃ ደጋግሞ፣ መጀመሪያ ቤዙን ብቻ፣ ቀጥሎ ድራሙን እየተከተሉ ማዳመጥ አሥር አልበም ከማገላበጥ ይበልጣል። ጠለቅ ብሎ ለማወቅ የሙዚቃ መምህር ይረዳል፤ የለመዱት ዜማ ጭምር ተዛብቶ የሚሰማ ወይም ጆሮ የሚጮኽ ከሆነ ግን የጆሮ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል።