በሬስቶራንት ውስጥ ማጨስ፦ የባለቤቱ መብትና የሠራተኛው ሐቅ

  



በቅርቡ ከዒሻእ ሶላት በኋላ አንድ ወጣት ወንድም ጠጋ ብሎ ጠየቀኝ። ቀን ኮሌጅ ይማራል፣ ማታ ሺሻ ቤት ይሠራል። ሥራው ከሰል ማቀጣጠልና በየጠረጴዛው ማዞር ነው። «ኡስታዝ፣ እኔ አላጨስም። ግን ቤት ስገባ እናቴ ጃኬቴን በረንዳ ላይ ታስወልቀኛለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ያመኛል። ገቢዬስ እንዴት ነው?» አለኝ። ቆሜ የምመልሰው ነገር አልነበረምና በጽሑፍ እመለስበታለሁ ብዬው ነበር።

ጥያቄው ውስጥ ሁለት ጉዳዮች አሉ። አንደኛው ሰው ራሱ ማጨሱ በሸሪዓ ምን ብይን አለው የሚለው ነው። ሁለተኛው የማያጨስ ሰው የሌላውን ጭስ እንዲተነፍስ ማድረግ ምን ብይን አለው የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ስለ መጀመሪያው ስንከራከር ሁለተኛውን እንረሳዋለን። የምንኖርባቸው ከተሞች ግን ለዓመታት የተከራከሩት በሁለተኛው ላይ ነው።

በዳላስ ቀደም ብላችሁ የመጣችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ሬስቶራንት ስትገቡ መጀመሪያ የምትጠየቁት የሚጨስበት ጋ ነው ወይስ የማይጨስበት ጋ የምትቀመጡት የሚል ነበር። በሁለቱ መካከል ብዙ ጊዜ ግድግዳ እንኳ አልነበረም። በከንቲባ ላውራ ሚለር ዘመን የከተማው ምክር ቤት ከብዙ ክርክር በኋላ ሕግ አወጣና እ.ኤ.አ. ከማርች 1 ቀን 2003 ጀምሮ በሬስቶራንት ማጨስ ተከለከለ። ቡና ቤቶች፣ ማለትም መጠጥ ቤቶቹ፣ እስከ ኤፕሪል 2009 ድረስ ቆዩ። ፎርት ዎርዝ ሬስቶራንቶቿን በ2008 መጀመሪያ ከጭስ ነፃ ስታደርግ መጠጥ ቤቶቿን ግን እስከ ማርች 2018 ድረስ ትታቸዋለች። የቴክሳስ ግዛት እንደ ግዛት እስካሁን አንድ ወጥ ሕግ የለውም። የዴንተን ተወካይ የነበሩት ማይራ ክራውኖቨር ረቂቁን በተደጋጋሚ ወደ ኦስቲን ይዘው ቢሄዱም ሕግ ሳይሆን ቀረ። ስለዚህ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው አውራ ጎዳና ተሻግራችሁ ስትሄዱ ሕጉም ይለወጣል።

የተቃዋሚዎቹ ክርክር ሁለት ነበር። አንዱ ገበያ ይወድቃል የሚል ነው። በዳላስ የሬስቶራንቶች ማኅበር ያስጠናው ጥናት ከክልከላው በኋላ የአልኮል ሽያጭ ቀነሰ አለ (ለእኛ ይህ እንደ ኪሳራ ይቆጠራል ወይ የሚለውን ለእናንተ ልተወው)። በሌላ በኩል በዚያው በቴክሳስ፣ በኤል ፓሶ፣ ከ2002ቱ ክልከላ በኋላ የፌዴራሉ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ያወጣው ጥናት በሬስቶራንቶችና በመጠጥ ቤቶች ገቢ ላይ የታየ መቀነስ አላገኘም።

ሁለተኛው ክርክር ከባድ ነው፤ በእኛም ነጋዴዎች አፍ የምሰማው እሱን ነው። «ቤቱ የኔ ነው፣ ኪራዩን የምከፍለው እኔ ነኝ፣ ያልተመቸው አይግባ» ይላሉ።

ወደ ዑለማዎቻችን እንመለስ። ትምባሆ ከአሜሪካ አህጉር ወደ ሙስሊሙ ዓለም የገባው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ስለሆነ በስሙ የመጣ ግልጽ ማስረጃ የለም። ስለዚህ ዑለማዎች ተለያዩ። የዑሥማኒያው ሱልጣን ሙራድ አራተኛ በ1633 በሞት እስከ መቅጣት ደርሶ ከለከለ። በአንጻሩ በ1731 የሞቱት የደማስቆው ዐሊም ዐብዱልገኒ አን-ናቡሉሲ ይፈቀዳል ብለው ኪታብ ጽፈዋል። ያኔ በሳንባ ላይ የሚያደርሰው አይታወቅም ነበር። ጉዳቱ ከተረጋገጠ በኋላ ግን የግብፅ ዳሩል ኢፍታእና የሳዑዲ ዓረቢያ ቋሚ የፈትዋ ኮሚቴን ጨምሮ አብዛኛው የዘመናችን ዑለማ ሐራም ነው ብሏል። መነሻቸውም ራስን ወደ ጥፋት መጣልን የሚከለክለው የሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 195 እና ነፍስን ማጥፋትን የሚከለክለው የሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 29 ነው። መክሩህ ነው የሚሉም አሁንም አሉ።

አሁን ልብ በሉ። መክሩህ ነው የሚለው ዐሊም እንኳ ስለ አጫሹ ነው የሚናገረው። ጎረቤትን መጉዳት መክሩህ ነው ብሎ የሚከራከር የለም። ጉዳት ማድረስም ሆነ ጉዳትን በጉዳት መመለስ እንደማይፈቀድ የሚያስተምረው፣ ኢማም አን-ነወዊ በአርባዎቹ ሐዲሦቻቸው ውስጥ በ32ኛ ቁጥር ያሰፈሩት ሐዲሥ፣ ከፊቅህ ትልልቅ መሠረቶች አንዱ ነው። ነጭ ሽንኩርት ወይም ቀይ ሽንኩርት በጥሬው የበላ ሰው ሽታው እስኪለቀው ከመስጂድ እንዲርቅ ነብዩ (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) አዘዋል። ሽንኩርት ሐላል ነው፤ ማንንም አይገድልም። ሽታው ብቻ ይህን ካስከተለ ስለሚያሳምም ጭስ ምን እንላለን?

«ቤቱ የኔ ነው» ለሚለው ወንድም ደግሞ ቡኻሪ ከኑዕማን ኢብኑ በሺር (ረዲየላሁ ዐንሁ) የዘገቡት የመርከቡ ምሳሌ አለ። ሰዎች ዕጣ ተጣጥለው ገሚሱ ላይኛው፣ ገሚሱ ታችኛው የመርከብ ክፍል ደረሰው። የታችኞቹ ውኃ ለመቅዳት በላይኞቹ በኩል ማለፍ ነበረባቸው። ስለዚህ በራሳችን ድርሻ ቀዳዳ ብንከፍት እነሱንም አናስቸግርም አሉ። ሐሳባቸው መጥፎ አልነበረም፤ ክፍሉም በዕጣ የደረሳቸው የራሳቸው ነበር። ግን ከተተዉ ሁሉም ይሰጥማል፤ እጃቸው ከተያዘ ሁሉም ይድናል። ባለ ድርሻ መሆን መርከቡን የመብሳት መብት አይሰጥም። የአሜሪካ ዋና የጤና ሐኪም ቢሮ በ2006 ባወጣው ሪፖርት የሌላ ሰው የትምባሆ ጭስ ጉዳት የሌለው መጠን እንደሌለው፣ ክፍል መለየትም ሆነ የአየር ማስወጫ ማስገባት ሙሉ በሙሉ እንደማያድን ገልጿል።

«ያልተመቸው አይግባ» ለደንበኛ ይሠራ ይሆናል። ለአስተናጋጇስ? በዲቪ ከመጣች ስድስት ወር ያልሞላት፣ መንጃ ፈቃድ የሌላት፣ እንግሊዝኛዋ ገና የሆነ እህት የት ትሄዳለች? እንግዳው አንድ ሰዓት ቆይቶ ይወጣል፤ እሷ ስምንት ሰዓት ሙሉ እዚያው ናት። ነፍሰ ጡር ልትሆንም ትችላለች። የከተማው ሕግ ከሁሉ በፊት የጠቀመው እንዲህ ያለውን ሰው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስብሰባው ላይ ግን ሲናገር የተሰማው ባለቤቱና አጫሹ ነበር።

ሕጉ የተወው ቀዳዳም ነበር። ዳላስ የትምባሆ መሸጫዎችንና የሲጋር ቤቶችን ከ2009ኙ ክልከላ ነፃ አድርጋ ነበር፤ ሺሻ ቤቶችም በትምባሆ መሸጫነት ይሠሩ ነበር። እነዚህን ቤቶች የከፈቱት ደግሞ ብዙዎቹ የኛው ሰዎች ናቸው። ሺሻውን ውኃ ያጣራዋል የሚለው ወሬ ስህተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አንድ ሰዓት ያህል ሺሻ የሚስብ ሰው ከአንድ ሲጋራ 100 እስከ 200 እጥፍ የሚሆን የጭስ መጠን ሊያስገባ ይችላል። ከዚያ በላይ የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፤ የዚያን ወጣት ራስ ምታት ከዚህ ጋር አያይዤ ሐኪም እንዲያይ የመከርኩት ለዚህ ነው። አገር ቤት ፖሊስ የሺሻ ዕቃ ሰብስቦ ሲያቃጥል በቴሌቪዥን አይተን ስናበቃ፣ እዚህ ያንኑ ዕቃ በዓረብኛ ጽሕፈት ባጌጠ ክፍል ስናቀርብ ሰው ምን ይለናል የሚለው ያሳፍረኛል።

ለወንድማችን መልሴ ይህ ነው። ማጨስ ሐራም ነው በሚለው በአብዛኛው ዑለማ አቋም ማቅረቡም በኃጢኣት መተባበር ስለሚሆን ሌላ ሥራ ይፈልግ፤ መፈለጉን ከዛሬ ይጀምር። በጀመዓችን ውስጥ ጋዝ ማደያ፣ ሆቴልና መጋዘን የሚሠሩ ወንድሞች ስላሉ ከጁምዓ በኋላ ያናግረኝ፤ አገናኘዋለሁ። ሬስቶራንት ያላችሁ ደግሞ በምትሠሩበት ከተማ ክልከላ ባይኖርም በራችሁ ላይ የማጨስ ክልክል ምልክት ለመለጠፍ የማንንም ፈቃድ አያስፈልጋችሁም። ማጨሻ ቦታ ውጭ ከሆነም ከበሩና ከኪችኑ መስኮት አርቁት፤ ሳህን የሚያጥበው ሰው በዚያ መስኮት ነው የሚተነፍሰው።

ወላሁ አዕለም።