የመኪና ታይሚንግ ቤልት በራስ እጅ ቢለወጥ ያዋጣ ይሆን?

ዕቃ ማመላለሻ መኪና ያለው ነጋዴ፣ የታይሚንግ ቤልቱ መለወጫ ጊዜ ሲደርስ የጋራዥ ዋጋ ከብዶት ሥራውን በራሱ እጅ ለመፈጸም ያስባል። አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ሒሳቡ በሁለት ወገን መታየት አለበት።

ይህ ጥርስ ያለው የጎማ ቤልት ክራንክሻፍቱንና ካምሻፍቱን አስተባብሮ ያዞራል። በብዙ ሞተሮች፣ ይልቁንም በናፍጣ በሚሠሩት፣ ቤልቱ ቢበጠስ ወይም ከምልክቱ ርቆ ቢገጠም ፒስተኑ ቫልቩን መትቶ ያጣምመዋል። ያን ጊዜ ቴስታታ ማስወረድ ግድ ነው፤ መኪናው በቆመበት ቀን ሁሉ የሚቀረው ገቢም አለ። ከጋራዥ የተረፈው የእጅ ዋጋ ይህን አይሸፍንም።

ስለዚህ አስቀድሞ የሞተሩን ዓይነት ከፋብሪካው መጽሐፍ መመልከት ያስፈልጋል፤ ሰንሰለት ያላቸውም ብዙ ናቸውና። በቶዮታ ሃይሉክስ እንኳ 2ኬዲ የተባለው የናፍጣ ሞተር ቤልት ሲኖረው፣ ተተኪው 2ጂዲ በሰንሰለት ይሠራል። መጽሐፉና የጥብቀት ልክ የሚያሳይ ቁልፍ የሌለው ሰው ለጋራዥ ቢሰጥ ይሻለዋል፤ አንዲት መኪና ብቻ ያለውማ ይልቁን።

የሚደፍር ግን መወጠሪያውን አብሮ ይለውጥ፤ ሞተሩን ከማስነሣቱም በፊት ክራንክሻፍቱን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሮ ምልክቶቹ መግጠማቸውን ይመልከት። በመካከል ተይዞ እንቢ ቢል በኃይል አይግፋው፤ ቤልቱን አውልቆ እንደ ገና ይጀምር።