በጨዋታ ውስጥ ጠመንጃ ስለሚይዘው ስለ ማሽኒስት ሙያ

ከክፍል ጓደኞቼ ብዙዎቹ በኢንተርኔት ስለሚጫወቱት ጨዋታ ሲነጋገሩ፥ መምህራኖቻችንና ወላጆቻችን «ይህ ሁሉ ሰዓት የሚጠፋው ምን ለማግኘት ነው?» እያሉ ይደነቃሉ። ስለዚህ ከጨዋታዎቹ አንዱን፥ ከዚያም ውስጥ አንዱን ሙያ ብቻ መርጬ አሠራሩን ለማስረዳት አስቤአለሁ። ጨዋታው ፋይናል ፋንታሲ 14፥ ሙያውም ማሽኒስት ይባላል።

ጨዋታውን ያዘጋጀው ስኩዌር ኤኒክስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። መጀመሪያ በ2010 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ተጫዋቾችን ስላላስደሰተ በ2012 ተዘጋ፤ ናኦኪ ዮሺዳ ሥራውን ተረክቦ እንደ አዲስ ካሠራው በኋላ በ2013 እንደገና ተከፈተ። ማሽኒስት የተጨመረው በ2015 ሲሆን፥ ትምህርቱ የሚሰጠው ኢሽጋርድ በምትባለው በረዶ በተጫናት ከተማ ነው። የዚያች ከተማ መኳንንት ለብዙ ዘመን ድራጎኖችን በጦርና በሰይፍ ሲዋጉ ኖረዋል፤ ጠመንጃው የተፈለገው ግን ዘር የማይቈጠርለት ተራ ሰውም ከተማውን መከላከል እንዲችል ነው። መኳንንቱ በዚህ ነገር ቢናደዱ አያስገርምም።

አሁን ወደ ሙያው እንግባ። ከባድ ውጊያ የሚደረገው ስምንት ሰዎች ሆኖ ነው፤ ሁለቱ ጋሻ ሆነው ጠላትን ይመክታሉ፥ ሁለቱ ያክማሉ፥ አራቱ ያጠቃሉ። ማሽኒስት ከአራቱ አንዱ ሆኖ ከሩቅ ይተኩሳል። በ2015 መልካም ጕዳት ለማድረስ ቆሞ ማነጣጠር ነበረበት፤ ከ2017 ጀምሮ ግን እየሮጠ ይተኩሳል። እሳት ከሰማይ ሲወርድ አስማተኛው ድግምቱን አቋርጦ ሲሸሽ፥ ማሽኒስቱ ሥራውን ሳያቋርጥ ቦታውን ይለውጣል።

ከሩቅ ከሚያጠቁት መካከል ባርድና ዳንሰር የሚባሉት የጓደኞቻቸውን ኃይል ይጨምራሉ። ማሽኒስት ይህ ስጦታ የለውም። በእርግጥ ታክቲሺያን በተባለው ችሎታው በጓዶቹ ላይ የሚደርሰውን ጕዳት ያቀላል፥ ዲስማንትል በተባለውም የጠላቱን ጕልበት ለ10 ሰከንድ ያዳክማል፤ በማጥቃት በኩል ግን የሚያመጣው የራሱን ጥይት ብቻ ስለሆነ፥ እርሱ የሰነፈ እንደ ሆነ የሚያካክስለት የለም። በከባድ ውጊያዎች ደግሞ ጠላቱ በተወሰነ ደቂቃ ውስጥ ካልሞተ ስምንቱንም በአንድ ጊዜ ይገድላል። የአንድ ሰው ዝግታ የሰባት ሰዎችን ድካም ከንቱ ያደርጋል ማለት ነው።

ስለዚህ የዚህ ሙያ ዋና ነገር ዒላማ አይደለም፤ ጨዋታው ራሱ ያነጣጥርለታልና። ዋናው ነገር ሰዓት ነው። ተራ ጥይት በየ2.5 ሰከንዱ ይተኰሳል፥ ሦስቱም በተራ ሲተኰሱ ኃይላቸው ይጨምራል። በ2024 በወጣው ዕትም እንደሚታየው፥ ከነዚህ ሌላ ሦስት ታላላቅ መሣሪያዎች አሉ፤ ድሪል በ20 ሰከንድ፥ ኤር አንከር በ40፥ ቼይን ሶው በ60 ሰከንድ ይመለሳሉ። ከተመለሱ በኋላ ሥራ ፈትተው የሚቆዩባት እያንዳንዷ ሰከንድ ኪሳራ ናት። ሪአሰምብል የተባለው ዝግጅት የሚቀጥለውን ጥይት በፍጹም የማይስት ብርቱ ምት ያደርገዋል፤ ለተራ ጥይት ማዋል በወርቅ ገለባ እንደ መግዛት ነው።

በመተኰስ ብዛት ደግሞ ሁለት መስፈሪያዎች ይሞላሉ። አንደኛው የባትሪ ሲሆን፥ 50 ሲደርስ አውቶማቶን ክዊን የምትባለውን የብረት ሴት ለመጥራት ያስችላል፤ እስከ 100 ቢጠራቀም ምቷ ይበረታል። ሁለተኛው የሙቀት መስፈሪያ ነው። ከዚህ 50 ተከፍሎ ሃይፐርቻርጅ ሲጀመር፥ አምስት ጥይቶች በየ1.5 ሰከንዱ ይወጣሉ፤ በየመካከላቸውም አንድ አንድ ትንሽ ምት ይገባል። በዚህ ጊዜ ዋይልድፋየር የሚባለው በጠላት ላይ ይጣበቃል፤ በ10 ሰከንድ ውስጥ ያረፉትን ጥይቶች እስከ 6 ድረስ ቈጥሮ በመጨረሻ ይፈነዳል።

እዚህ ላይ ፊዚክስ ያገባናል። ጨዋታው ሰርቨሮቹን ያቆመው በጃፓን፥ በሰሜን አሜሪካ፥ በአውሮፓ፥ ከ2022 ጀምሮም በኦሺኒያ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ መካከለኛው አውሮፓ በቀጥታ ከ5,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፥ መልእክቱ ደርሶ ለመመለስ ቢያንስ 0.05 ሰከንድ ይፈጅበታል። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ አገራችን የባሕር በር ስለሌላት መጀመሪያ በጎረቤት አገር በኩል ወደ ባሕር ይወርዳል፥ በየመንገዱም በብዙ ጣቢያ ይቆማል። ስለዚህ እውነተኛው ጊዜ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሆናል።

ይህ መዘግየት የሚጎዳው ለምንድን ነው? እያንዳንዱ ምት እጅን ለ0.6 ሰከንድ ገደማ ያስራል፤ የመልእክቱም ምልልስ በዚያ ላይ ይታከላል። ጥይትና ትንሽ ምት ሁለት ስለሆኑ 1.2 ሰከንድ ይወስዳሉ፤ ከ1.5 የሚተርፈው 0.3 ለሁለቱ ሲካፈል 0.15 ነው። ምልልሱ ከ0.15 ሰከንድ ካለፈ ጥይቱ ይዘገያል። 0.35 ከሆነ አንዱ ዙር 1.9 ሰከንድ ይሆንና ስድስተኛው ጥይት ዋይልድፋየር ከፈነዳ በኋላ ይደርሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ትንንሾቹን ምቶች አስቀድሞ ማራገፍ፥ በሃይፐርቻርጅ ጊዜ በየመካከሉ ሳይሆን አንዱን እየዘለሉ ማስገባት ነው። ከትንሹ ምት ይልቅ የስድስተኛው ጥይት ማምለጥ ይከፋልና። በቅርብ ላሉ ተጫዋቾች የተጻፉ መመሪያዎች ይህን ብዙ ጊዜ አያነሡትም።

ለወላጆች አንድ ነገር ላስታውስ። ይህ ጨዋታ እንደ ቪዲዮ ፊልም ተጭነው የሚያቆሙት አይደለም፤ ልጅዎ «እማዬ፥ አንድ ደቂቃ ብቻ» ሲል ሰባት ሰዎች እየጠበቁት ይሆናል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ሰዓቱን መወሰን በመካከል ከመጥራት ይሻላል፤ እኛም የእንጀራ ሰዓት እየተቃረበ ስምንት ሰው መሰብሰባችን ተገቢ አይደለም።

ሙያውን ለመጀመር አስቀድሞ በሌላ ሙያ 50ኛ ደረጃ መድረስ ያስፈልጋል፤ ማሽኒስቱ ራሱ ግን ከ30ኛ ይነሣል። ዋይልድፋየር በ45ኛ፥ ድሪል በ58ኛ፥ ኤር አንከር በ76ኛ፥ የብረቷ ሴት በ80ኛ፥ ቼይን ሶው በ90ኛ ደረጃ ይገኛሉ። እስከ 58ኛ ድረስ ያለው ጊዜ ደረቅ ነው፤ ሦስቱን ጥይቶች ከመደጋገም በቀር ብዙ ነገር የለውም። በዚህ ጊዜ ጣቶችን ሰዓት ማስለመድ ይገባል፤ ለዚህም በየከተማው ዳር የቆሙት፥ የማይመልሱና የማይሞቱት የመለማመጃ ምስሎች ይበቃሉ።