መዝገብ ሰውን የሚያውቀው በምንድን ነው?



አርሂባ ውስጥ ሰው ፈልጎ የመጣ እንግዳ ቁጥር አይጠይቅም። «እንጀራ የምትሸጠው የሐረሯ ሴት ቤት የት ነው?» ካለ፣ መንገድ ላይ የሚጫወት ሕፃን እጁን ይዞ ደጃፏ ያደርሰዋል። ሰፈር ሰውን የሚያውቀው በመልኩ፣ በሥራውና በዘመዱ ነው። መሥሪያ ቤት ግን እንዲህ አያውቅም። መሥሪያ ቤት የሚያውቀን በመዝገብ ላይ በሰፈረው ጽሑፍ ብቻ ነው። በሁለቱ አስተዋወቅ መካከል ያለውን ልዩነት ያልተረዳ ሰው፣ እውነቱን ተናግሮ ሳለ እንደ ዋሾ ሊቆጠር ይችላል። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ጉዳይ ነው።

1. ቅጽ ማለት ምን ማለት ነው?

ቅጽ ማለት አስቀድሞ የተዘጋጀ የጥያቄዎች ዝርዝር ነው። ጥያቄዎቹን ያዘጋጀው ሰው ምን መታወቅ እንዳለበትና መልሱ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት አስቀድሞ ወስኗል። ስለዚህ ቅጽ ባዶ ወረቀት ቢመስልም፣ በውስጡ የአዘጋጁ አገር ልማድና አስተሳሰብ አለበት። እኛ ደግሞ የራሳችንን ልማድ ይዘን እንመጣለን። ሁለቱ ሳይገናኙ ሲቀሩ ስሕተት ይፈጠራል።

በጅቡቲ የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው። በፈረንሳይኛ ቅጽ ላይ «ኖም» የሚለው የቤተሰብ ስም፣ «ፕሬኖም» የሚለው ደግሞ የግል ስም ማለት ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

2. የቤተሰብ ስም የሌለው ሰው

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም አለን። ጎረቤቶቻችን አፋሮችና ሶማሌዎችም በልማዳቸው እንዲሁ ናቸው። ለምሳሌ ያህል አንድ ቤተሰብ እናስብ፦

አባት፦ አበበ ተሾመ ወርቁ
እናት፦ አልማዝ ገብሬ ደስታ
ልጅ፦ ዳዊት አበበ ተሾመ

ጸሐፊው የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ቢጽፍ፣ አባትየው «ወርቁ»፣ እናትየው «ደስታ»፣ ልጁ «ተሾመ» ይሆናሉ። ሁለተኛውን ስም ቢወስድም «ተሾመ»፣ «ገብሬ»፣ «አበበ» ይሆናሉ። በየትኛውም መንገድ በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩ ሦስት ሰዎች የሦስት የተለያዩ ቤተሰብ አባላት ይመስላሉ። በተጨማሪም ስም ሲጠራ «ወርቁ!» ቢባል አበበ አያቱን የሚጠሩ አይመስለውም፤ ዝም ይላል። ወረፋውም ያልፈዋል።

ይህ ነገር በስደት ብቻ የመጣ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1960) የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል። የሕጉን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ሕጉ ቢጻፍም ሕዝቡ የቤተሰብ ስም አልያዘም፤ እስከ ዛሬም የምንጠራው በራሳችን ስም ነው። ያው ሕግ ስለ ክብር መዝገብ የደነገገውም ሥራ ላይ ሳይውል ለብዙ ዓመታት ቆይቷል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ከ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) ወዲህ ነው። አብዛኞቻችን የልደት ወረቀት ሳይኖረን ያደግነው በዚህ ምክንያት ነው።

3. አንድ ስም በሁለት አጻጻፍ

«ተሾመ» የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው «ሸ»ን በ«ኤስ» እና በ«ኤች» ይጽፋታል። ፈረንሳይኛ የተማረው ጸሐፊ ደግሞ በ«ሲ» እና በ«ኤች» ይጽፋታል። የኋለኛውን ጽሑፍ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው «ቴቾመ» ብሎ ሊያነበው ይችላል። «ወርቁ»ም ሲጻፍ መጨረሻው በአንዱ ቋንቋ በአንድ ፊደል፣ በሌላው በሁለት ፊደል ይሆናል። ሁለቱም ጸሐፊዎች አልተሳሳቱም። ኮምፒዩተር ግን ፊደልን ከፊደል ስለሚያወዳድር፣ ሁለቱን ጽሑፎች ሁለት ሰዎች አድርጎ ሊይዛቸው ይችላል።

በራሳችን ፊደልም ቢሆን «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለማሽን ግን ሦስት ናቸው።

4. «ወንድሜ ነው»

ቃላትም እንደ ስም ናቸው። በአማርኛ የአጎቴን ልጅ «ወንድሜ» ብል አልዋሸሁም። አያቱ ያሳደገችው ልጅም አያቱን «እማዬ» ቢል ማንም አይደነቅም። በቅጽ ላይ ግን «ወንድም» ማለት ከአንድ አባት ወይም ከአንድ እናት የተወለደ ማለት ነው። «እናት» ማለትም የወለደች ማለት ነው።

አንድ ሰው በመጀመሪያው ቀን «ወንድሜ» ብሎ ያስመዘገበውን፣ ከዓመታት በኋላ በቃለ መጠይቅ «የአጎቴ ልጅ» ቢለው፣ ጠያቂው ሁለቱን ቃላት አመሳክሮ «ቃሉ ይጋጫል» ብሎ ይጽፋል። ከአያቱ ጋር የሚኖር ልጅ አያቱን እናቱ አድርጎ ካስመዘገበ፣ የወለደችው እናቱ ከሌላ አገር ልትወስደው ስትፈልግ በመዝገብ ላይ ቦታዋ ተይዞ ታገኘዋለች። ስለዚህ ዝምድናን ስንናገር በአጭሩ አንተወው። «የእናቴ ወንድም ልጅ»፣ «አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ከሕፃንነቴ ያሳደገችኝ» ብለን እንግለጽ።

5. ቀንና ሰዓት

የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓው፣ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ወደ ኋላ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በአማርኛ «ቁጥር 760/2004»፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ «760/2012» ይባላል። አዋጁ አንድ ነው።

አዋጅ ሁለት ዓመተ ምሕረት ቢኖረው አይጎዳም። ሕፃን ግን ይጎዳል። ጥር 11 ቀን 2002 ዓ.ም. በጥምቀት ዕለት የተወለደ ልጅ አለ እንበል። ትክክለኛው ቀን በአውሮፓው ጃንዋሪ 19 ቀን 2010 ነው። ወላጁ በወረቀት ላይ «11/5/2002» ብሎ ቢያቀርብና ጸሐፊው እንዳለ ቢገለብጠው፣ ልጁ ሜይ 11 ቀን 2002 እንደተወለደ ይቆጠራል። በአንዲት መስመር ከ7 ዓመት ከ8 ወር በላይ ተጨመረበት ማለት ነው። እውነተኛ ዕድሜው 13 ሲሆን በመዝገብ 20 ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በጠቅላላው ሕፃን የሚለው ከ18 ዓመት በታች ያለውን ነው። ይህ ልጅ እንግዲህ ለሕፃናት የተሰጠው ጥበቃ ሊያመልጠው ነው።

ጳጉሜ ላይ የተወለደ ሰውማ ጭራሽ ቦታ የለውም፤ ቅጹ 13ኛ ወር አያውቅም።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። የክሊኒክ ቀጠሮ «8 ሰዓት» ተብሎ በፈረንሳይኛ ከተጻፈ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት የሄደ ሰው በሩን ተዘግቶ ሊያገኘው ይችላል።

6. ያልተጻፈ ዕውቀት

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር መሥሪያ ቤት ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ወዲህ «ፕሮግሬስ» በተባለ የኮምፒዩተር መዝገብ ይሠራል። ከ2015 ወዲህም የጣት አሻራንና የዓይን ብሌንን የሚለይ መሣሪያ በብዙ አገሮች ሥራ ላይ አውሏል። አሻራ «ይህ ሰው ያ ሰው ነው» ብሎ ይመሰክራል። ነገር ግን «ይህች ሴት የዚህ ልጅ አሳዳጊ ናት» ብሎ ሊመሰክር አይችልም። ይህን የሚናገረው ሰው ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ ደግሞ በመዝገብ ላይ ያልሰፈረ፣ በሠራተኛው ጭንቅላት ብቻ ያለ ዕውቀት አለ። አስተርጓሚው «አውቃቸዋለሁ፣ አንድ ቤተሰብ ናቸው» ሊል ይችላል። ነገር ግን አስተርጓሚው ሥራ ሲቀይር ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል። በእድርም የምናየው ይኸው ነው፤ ጸሐፊው ያልጻፈው መዋጮ፣ ጸሐፊው ሲለወጥ ጠብ ይሆናል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ?

7. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሀ) የራስዎን፣ የአባትዎንና የአያትዎን ስም በአማርኛና በላቲን ፊደል በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። በመጀመሪያው ሰነድዎ ላይ የሰፈረውን አጻጻፍ ይከተሉ፤ ለልጆችዎም ያንኑ ያስለምዱ።
ለ) ቀን ሲናገሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይግለጹ። ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይናገሩ። ቀኑን የማያውቁ ከሆነ «አላውቅም» ይበሉ፤ አይፍጠሩ።
ሐ) የተጻፈልዎት ነገር ከመፈረምዎ በፊት እንዲነበብልዎት ይጠይቁ።
መ) ልደት፣ ሞት፣ ጋብቻ ወይም የአድራሻ ለውጥ ሲኖር ሳይዘገዩ ያስመዝግቡ።
ሠ) ስሕተት ካገኙ ከስሕተቱ ጋር ለመስማማት ታሪክዎን አይለውጡ። እንዲታረም በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የማመልከቻውንም ግልባጭ ያስቀምጡ።
ረ) የከፍተኛ ኮሚሽነሩ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ምዝገባም ሆነ የመዝገብ እርማት በነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅዎትን አያምኑ።

ስምን መልአክ ያወጣል እንላለን። በመዝገብ ላይ የሚያሰፍረው ግን ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይሳሳታል። እርማቱ ከእኛ ይጀምራል።

መልመጃ

1. የቤተሰብዎን አባላት ሁሉ ሦስት ሦስት ስም ይጻፉ። የቤተሰብ ስም ብቻ የሚያይ ሰው ቤተሰብ መሆናችሁን በምን ያውቃል?
2. «ወንድም»፣ «እኅት»፣ «እናት» ከሚሏቸው ሰዎች መካከል በቅጽ ላይ በሌላ ቃል መገለጽ ያለባቸው እነማን ናቸው?
3. ጥቅምት 5 ቀን 1999 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር መቼ ነው?

(የ3ኛው ጥያቄ መልስ፦ ኦክቶበር 15 ቀን 2006።)